ከደጃችን በላይ ያለው ሰማይ በማን እጅ ነው? ስለ አየር ማረፊያ ዙሪያ የአየር ክልል ከሰሜን ሸዋ የሚነሡ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ከቦሌ በስተሰሜን እንደ መግቢያ በር ተዘርግታለች። ከአውሮፓ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከመቀሌና ከኮምቦልቻ አቅጣጫ የሚመጣው ብዙው አውሮፕላን በእኛ አናት ላይ ያልፋል። ከደብረ ብርሃን፣ ከፍቼ፣ ከመንዝና ከይፋት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸውን እዚህ ሰብስበናል። አብራሪ ለመሆን የሚያጠና ሰው ከዚህ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ቀና ብሎ አይቶ ለሚገረም ግን ይበቃል።

«ቁጥጥር የሚደረግበት የአየር ክልል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙውን ጊዜ ሳያስፈቅዱ የማይገቡበት ሰማይ ማለት ነው። አብራሪው ገና ከመግባቱ በፊት ተቆጣጣሪውን በሬዲዮ ይጠራል፤ ተቆጣጣሪው በየት በኩል፣ በምን ያህል ከፍታ፣ አንዳንዴም በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ይነግረዋል። አብራሪው የሰማውን መልሶ ይደግማል፤ ተቆጣጣሪውም ድግግሞሹን ያደምጣል። ይህ መደጋገም ለውጭ ሰው አሰልቺ ይመስላል፤ ግን አንድ ቁጥር በስሕተት የተሰማ እንደሆነ የሚያዘው እዚያው ላይ ነው።

ይህን ከአገር ሉዓላዊነት ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጹ፣ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ከመሬታችን በላይ ያለው ሰማይ ሁሉ የኢትዮጵያ ነው። ሁሉም ግን ቁጥጥር የሚደረግበት አይደለም። የተቀረው ክፍል መረጃ የሚሰጥበት፣ አብራሪው ግን በራሱ ዓይንና ኃላፊነት የሚበርበት ነው።

ቅርጹ ምን ይመስላል?

የእርሻ እርከን ተገልብጦ ከሰማይ ላይ ቢሰቀል ያንን ይመስላል። መሐሉ ላይ፣ መንደርደሪያው ያለበት ቦታ፣ ክልሉ ከመሬት ይጀምራል። ይህ የመቆጣጠሪያ ቀጣና ይባላል። ዓለም አቀፉ ደንብ አውሮፕላን በሚመጣበት አቅጣጫ ቢያንስ 9.3 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 5 የባሕር ማይል እንዲሰፋ ይጠይቃል። ከዚያ ውጭ ያለው እርከን መሬት አይነካም፤ ወለሉ ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ወደ ውጭ በሄዱ ቁጥርም ከፍ እያለ ይሄዳል። ይህ የተርሚናል ክልል ነው። ከእሱ ወዲያ ከተማን ከከተማ የሚያገናኙት የአየር መንገዶች ይቀጥላሉ፤ እነሱም ስፋትና ወለል አላቸው።

እርከኑ የተገለበጠበት ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነው። የሚያርፍ አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ በ3 ዲግሪ ዘንበል እያለ ይወርዳል። ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር 52 ሜትር ገደማ ነው። ከመንደርደሪያው 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው 520 ሜትር፣ 30 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ደግሞ ወደ 1,570 ሜትር ከፍታ ላይ ይሆናል። አውሮፕላኑ በማይወርድበት ዝቅተኛ ሰማይ ላይ ሌላውን ሰው መከልከል ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ ከታች ያለው ክፍት ይተዋል።

በደብረ ብርሃን ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን በማን ቁጥጥር ሥር ነው?

የቦሌው ማማ ነው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ማማው የሚያየው መንደርደሪያውንና በቅርብ ያለውን ሰማይ ነው፤ ሥራው ማስነሣትና ማሳረፍ ነው። ከማማው በላይ አፕሮች የሚባለው ክፍል አለ፤ የሚመጡትንና የሚሄዱትን በራዳር እያየ ያሰልፋል። ረጅሙን ጉዞ የሚይዘው ደግሞ የአዲስ አበባ ኤሪያ ኮንትሮል ነው። አንዱ ለአንዱ ሲያስረክብ አብራሪው የሬዲዮ ሞገድ ይቀይራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ አየር ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሲሆን፣ የአየር ትራፊክ ቁጥጥሩ ግን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው። ተቆጣጣሪው ለአየር መንገዱ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው አይደለም።

ደብረ ብርሃን በመኪና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ይባላል፤ በአየር ግን ከቦሌ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 60 የባሕር ማይል ነው። ከ35,000 ጫማ ላይ ለማረፍ የሚወርድ ጄት ከ90 የባሕር ማይል አካባቢ ጀምሮ መውረድ አለበት። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱን ከጀመረ ቆይቷል። በዚያው የ3 ዲግሪ ሒሳብ ብንሄድ፣ ከባሕር ጠለል 26,000 ጫማ አካባቢ ላይ ይገኛል። ከተማችን ራሷ 2,840 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 9,300 ጫማ ላይ ስለሆነች፣ ከራሳችን በላይ የሚቀረው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። «ዛሬ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ አለፈ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፦ አውሮፕላኑ እየወረደ ነው፣ እኛም ከፍ ብለን ነው ያለነው። ወደ አውሮፓ የሚሄደው ግን እየወጣ ስለሆነ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ነው፤ ድምፁም ይለያል።

ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ የሚከፋፈለውስ?

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰማዩን ከኤ እስከ ጂ ድረስ በሰባት ክፍል ከፍሎታል። እያንዳንዱ አገር ከሰባቱ የሚስማማውን ይመርጣል፤ ሁሉንም መጠቀም ግዴታ አይደለም።

ክፍፍሉን ለመረዳት ሁለት ዓይነት በረራ እንዳለ ማወቅ ይበቃል። አንደኛው በመሣሪያ የሚደረገው ነው፤ አብራሪው ውጭውን ባያይም ይሄዳል። ሁለተኛው በዓይን እይታ የሚደረገው ነው። ክፍል ኤ ውስጥ የሚገባው በመሣሪያ የሚበር ብቻ ነው፤ ሁሉንም ከሁሉም ተቆጣጣሪው ያራርቃቸዋል። በቢ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ይገባሉ፤ አሁንም ሁሉም ከሁሉም ይራራቃሉ። በሲ ውስጥ በዓይን የሚበሩት እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁት በራሳቸው ነው፤ ተቆጣጣሪው መረጃ ይሰጣቸዋል እንጂ አያራርቃቸውም። በዲ ተቆጣጣሪው የሚያራርቀው በመሣሪያ የሚበሩትን እርስ በርስ ብቻ ነው። ኢ ላይ በዓይን የሚበር ሰው ሳያስፈቅድ መግባት ይችላል፤ ግን ክልሉ አሁንም ቁጥጥር የሚደረግበት ይባላል። ኤፍ ምክር የሚሰጥበት ነው፣ ብዙም አይታይም። ጂ ደግሞ ነፃው ሰማይ ነው።

መራራቅ ማለት በቁጥር ይህ ነው፦ ወደ ላይና ወደ ታች በተለምዶ 1,000 ጫማ፤ ወደ ጎን በራዳር ሲታዩ 5 የባሕር ማይል፣ በአየር ማረፊያ አካባቢ መሣሪያው ከፈቀደ 3። ከትልቅ አውሮፕላን ኋላ ለሚመጣ ትንሽ አውሮፕላን ርቀቱ ይጨምራል፤ ትልቁ ጥሎት የሚሄደው የአየር ሽክርክሪት ትንሹን ሊገለብጠው ይችላልና።

ጓሳ ላይ የቆመ ሰው ስንት ጫማ ላይ ነው? ለአየር ክልሉስ ምን ለውጥ ያመጣል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይኼኛው ነው የእኛ የሚባለው። አብዛኛው የአየር ሕግ ቁጥሩን የሚለካው ከባሕር ጠለል ነው፤ ብዙ አገር ውስጥ መሬቱ ለባሕር ቅርብ ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። እኛ ዘንድ ግን መሬቱ ራሱ ወደ ቁጥሮቹ ይወጣል።

ምሳሌ ብንወስድ፣ በብዙዎቹ የአየር ክልል ክፍሎች ከ10,000 ጫማ በታች ፍጥነት ከ250 ኖት (በሰዓት 250 የባሕር ማይል) እንዳይበልጥ ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል። ሐሳቡ ዝቅተኛው ሰማይ ትናንሽ አውሮፕላን የሚበዛበት ስለሆነ ሁሉም ቀስ ይበል ነው። 10,000 ጫማ 3,050 ሜትር ነው። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ ያ ወሰን ከመንደርደሪያው በላይ 700 ሜትር ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን በላይ ደግሞ 200 ሜትር ያህል ነው። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ስለሚደርስ እዚያ ወሰኑ ከእግራችን በታች፣ አፈር ውስጥ ነው። ጓሳ ላይ ሣር የሚያጭድ ሰው በአየር ሕጉ ቋንቋ ከ10,000 ጫማ በላይ ነው።

በዓይን ለሚበር አብራሪም ይህ ቀልድ አይደለም። ከ10,000 ጫማ በታች 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ማየት ከቻለ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ግን 8 ኪሎ ሜትር ማየት አለበት። ከደመናም ወደ ጎን 1,500 ሜትር፣ ወደ ላይና ወደ ታች 300 ሜትር መራቅ ይጠበቅበታል። በሐምሌ ጣርማ በርን ያየ ሰው እነዚህ ቁጥሮች ምን እንደሚሉ ይገባዋል፤ ጭጋጉ ከመንገዱ ዳር ያለውን በግ እንኳ ሲሸፍን 8 ኪሎ ሜትር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ክረምት ላይ በእኛ አካባቢ በዓይን መብረር ብዙ ቀን በሕግ የተዘጋ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የክልሉ ወለል ነው። ደንቡ የተርሚናል ክልልም ሆነ የአየር መንገድ ወለል ከመሬት ቢያንስ 200 ሜትር እንዲርቅ ይጠይቃል። ሜዳማ አገር ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ ማለፍ ይቻላል። ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ 3,200 ሜትር በሚደርስ ገደል ላይ ግን አንድ ቁጥር አይሠራም። ለይፋት ቆላ የሚስማማው ወለል አንኮበር ላይ ተራራው ውስጥ ይገባል፤ ለአንኮበር የሚስማማው ደግሞ ከቆላው በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ባዶ ሰማይ ይተዋል። ካርታ ላይ ክልሉ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላን በስስ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በእውነተኛ ፍጥነቱ መጨመር አለበት፤ በቦሌ ከፍታ ከባሕር ዳርቻ አየር ማረፊያ ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ይመጣል። ፈጥኖ የሚመጣ ደግሞ ሲታጠፍ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በባሕር ጠለል የተለካ ክልል ቢቀዳ ቦሌ ላይ ይጠብበዋል።

ተራራውን እንዴት ነው የሚያልፉት?

በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን በተራራማ አካባቢ ከዙሪያው ካለው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 600 ሜትር በላይ እንዲሆን ይደረጋል፤ በሌላው አካባቢ 300 ይበቃል። ቦሌን ከሰሜን የሚጋርደው እንጦጦ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ ከመንደርደሪያው 800 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ደግነቱ ሁለቱም መንደርደሪያዎች የተዘረጉት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብለው ነው፤ ቁጥራቸው 07 እና 25 የሆነውም ለዚህ ነው፦ 70 እና 250 ዲግሪ። ከሰሜን የመጣው ሁሉ እንጦጦን ከላይ አልፎ፣ ዞሮ ነው የሚሰለፈው።

አንዳንዴ አውሮፕላን እየዞረ የሚቆየው ለምንድን ነው?

ወረፋ እየጠበቀ ነው። ቦሌ ላይ ነጎድጓድ ወይም ጭጋግ ሲሆን ወይም ብዙ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ሲደርስ፣ ተቆጣጣሪው በተወሰነ ቦታ ላይ እንዲዞሩ ያዛል። ዙሩ በተለምዶ ወደ ቀኝ ነው፤ ከ14,000 ጫማ በታች ቀጥታው አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አንድ ደቂቃ ተኩል። አንዱ ሙሉ ዙር አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እየዞሩ ያሉት በየ1,000 ጫማው ተደራርበው ነው፤ የታችኛው ሲወጣ ሁሉም አንድ ደረጃ ይወርዳሉ።

ተቆጣጣሪው ጠርቶ አብራሪው ባይመልስስ?

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2022 ከካርቱም የተነሣ ቦይንግ 737 መውረድ በነበረበት ቦታ ሳይወርድ፣ በ37,000 ጫማ ላይ እንዳለ አዲስ አበባን አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ አልነበረም። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበርና አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ (አውቶፓይለቱ) ሲላቀቅ የጮኸው ደወል እንደቀሰቀሳቸው ተዘግቧል። አውሮፕላኑ ዞሮ ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በሰላም አረፈ። የከፍታ መደራረቡ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው፦ ዝም ያለው አውሮፕላን በራሱ ደረጃ ላይ እስካለ ድረስ ከሥሩ ያሉት አይነኩትም።

ሬዲዮ የተበላሸበት አብራሪ ደግሞ ትራንስፖንደር በሚባለው መሣሪያ 7600 ብሎ ይጽፋል፤ ራዳሩ ላይ ወዲያው ይታያል። 7700 አደጋ ላይ ነኝ፣ 7500 ደግሞ ተጠልፌያለሁ ማለት ነው።

ስልኬ ላይ ያለው አፕ አውሮፕላኑን ያሳየኛል። ተቆጣጣሪውም የሚያየው ይህንኑ ነው?

አይደለም። አፑ አውሮፕላኑ በራሱ የሚያሰራጨውን መረጃ፣ ፈቃደኞች በየቦታው ከተከሉት መቀበያ ሰብስቦ ነው የሚያሳየው። በአቅራቢያ መቀበያ ከሌለ ምስሉ በግምት ይሄዳል ወይም ይጠፋል። አውሮፕላኑ ከአፑ ላይ ስለጠፋ አትደናገጡ።

ሰዓታቸውስ ከእኛ ጋር ለምን አይገጥምም?

የአየር ሥራ በዓለም ሁሉ የሚሄደው በአንድ ሰዓት፣ ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት ነው። ከእኛ አቆጣጠር ለመነሣት 3 ይደምሩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንል እነሱ 6 ይላሉ። ፈረንጅ ሰዓት ላይ ከሚደረገው የስድስት ሰዓት ሒሳብ ይቀላል።

ለሠርግ ድሮን ማንሣት እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን ከቦሌ ሩቅ ስለሆነች ነፃ ነኝ?

አይደሉም። ከመቆጣጠሪያ ቀጣና ውጭ መሆን ከፈቃድ ነፃ አያደርግም። በኢትዮጵያ ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር የሚመለከታቸውን የመንግሥት አካላት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሌለው ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት የ120 ሜትር ጣሪያ በኢንተርኔት ላይ ሲነበብ እዚህም እንደ መብት የሚወስዱት አሉ። አይሠራም። በዚያ ላይ በአሁኑ ጊዜ በአካባቢያችን የድሮን ድምፅ ሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚያስነሣ የማያውቅ የለም። ቪዲዮ አንሺው «ችግር የለም» ቢልዎ የፈቃዱን ወረቀት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ደብዳቤ ከሌለው ሠርጉን ከመሬት ይቅረጸው፤ ሙሽሮቹም አያኮርፉም።

ጆፌ አሞራስ? እሱም ፈቃድ ይጠይቃል?

በቀልድ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ቁም ነገር አለው። በጀማ ሸለቆ ገደል ላይ የሚያንዣብቡት ጥንብ አንሣዎች ሞቃት አየር ይዞአቸው ያለ ክንፍ ምት በጣም ከፍ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአይቮሪ ኮስት አቢጃን ላይ አንድ የዚሁ ወገን አሞራ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው 37,100 ጫማ ላይ ነው፤ የወፍ ከፍታ ክብረ ወሰን ሆኖ የሚጠቀሰውም እሱ ነው። ለዚህም አየር ማረፊያ አጠገብ ቄራና ቆሻሻ መጣያ እንዳይኖር ይደረጋል።

ስለ ጀማ ካነሣን፣ ሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር ሌላ ችግር አለበት። የአውሮፕላን ሬዲዮ የሚሠራው በቀጥታ በሚተያዩ ነገሮች መካከል ነው። ገደሉ ሲጋርደው ድምፁም የራዳር ምስሉም ይጠፋል። ስለዚህ አብራሪው ከመግባቱ በፊት የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚወጣ ተናግሮ ነው የሚወርደው።

ጨርሶ የማይገባበት ሰማይ አለ?

አለ። የተከለከለ፣ የተገደበና አደገኛ ተብለው በሦስት ይለያሉ። የተከለከለው ላይ ማንም አይበርም፤ የተገደበው ሁኔታ ተጠቅሶ የሚፈቀድ ነው፤ አደገኛው እንደ ተኩስ ልምምድ ያለ ነገር በተወሰነ ሰዓት የሚካሄድበት ነው። ዝርዝሩ በየአገሩ የአየር መረጃ መጽሐፍ ላይ ይወጣል፤ ለውጡ የሚጸናውም በ28 ቀን ዑደት ነው፤ ዓለም ሁሉ በአንድ ቀን ካርታውን እንዲቀይር።

ከቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ ለእኛ ምን ይለውጣል?

ከቦሌ ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለቱ የየራሳቸው የተርሚናል ክልል ይዘው መኖር አይችሉም፤ በአንድ ክልል ውስጥ መስመራቸው ተለይቶ መነደፍ ይኖርበታል። ወደ ቢሾፍቱ የሚሄደው ገና ረጅም መንገድ ስለሚቀረው ሰሜን ሸዋን ሲያልፍ ከዛሬው ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ አየሩ ያን ያህል ስለማይሳሳ ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ትልቅ ልዩነት ነው።

ደብረ ብርሃን የራሷ አየር ማረፊያ ቢኖራትስ? ከቤቴ ጣራ በላይ ያለውን ያዙብኛል?

በመጀመሪያ፣ አየር ማረፊያ ሁሉ ማማ አይኖረውም። በረራ ጥቂት ከሆነ መረጃ ብቻ የሚሰጥ ሠራተኛ ይመደባል፤ ክልሉም ነፃ ሰማይ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ቁጥጥር የሚመጣው ትራፊኩ ሲበዛ ነው።

የጣራው ጉዳይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ለትልቅ መንደርደሪያ በ4 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ ከአየር ማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር በላይ የሚወጣ ነገር መሥራት ይገደባል፤ በአውሮፕላኑ መውረጃ መስመር ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ለአንድ ፎቅ ቤት የሚያሰጋ አይደለም፤ ለቴሌ ማማና ለሕንፃ ግን ያሰጋል። ከዚያ ርቆም 150 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ማማ እንደ መሰናክል ተቆጥሮ ይጠናል፤ አስፈላጊ ከሆነም ቀለምና መብራት ይደረግለታል።

ከሁሉ የሚከብደው መሬት ነው። በንድፍ ሕጉ መንደርደሪያ በየ300 ሜትር ከፍታው 7 በመቶ ይረዝማል። በባሕር ጠለል 2,000 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን፣ በደብረ ብርሃን ከፍታ 3,300 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ያም የሙቀትና የተዳፋት ጭማሪ ሳይታሰብ ነው።